ሌሎች ነገሮች ሁሉ እንዳሉ ሆነው

በእኛ ሰፈር «ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ኢኮኖሚክስ ደረሰው» የተባለ ልጅ መከራው የሚጀምረው ገና ለመጀመሪያው ዕረፍት ቤቱ ሲመጣ ነው። ሕክምና የሚያጠናውን «እስቲ ጨጓራዬን እየው» ይሉታል። ኢንጂነሪንግ የደረሰውን የተበላሸ ቴሌቪዥን ያሸክሙታል። ኢኮኖሚክስ የሚማረውን ግን ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ሽንኩርት መቼ ነው የሚረክሰው?» ይለዋል። ልጁ ምን ይበል? «እሱን ገና አልደረስንበትም» ብሎ ያመልጣል። ሦስተኛ ዓመት ሲደርስም መልስ የለውም፤ ልዩነቱ አሁን በእንግሊዝኛ ማምለጥ መቻሉ ነው።

ይህን የምለው ትምህርቱን ለማጥላላት አይደለም። እኔም የተማርኩት እሱኑ ነው፤ እንጀራዬንም የምበላው በእሱ ነው። ቅሬታዬ በዕውቀቱ ላይ ሳይሆን በአሰጣጡ ላይ ነው።

መቼም የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይሰመራል። ቁልቁል የሚወርደው ፍላጎት፣ ሽቅብ የሚወጣው አቅርቦት። ዋጋ በቋሚው፣ መጠን በአግዳሚው ላይ ነው። ሒሳብ የሚወድ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ዋጋው ምክንያት ከሆነ በአግዳሚው መስመር ላይ መሆን አልነበረበትም እንዴ?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲያ አድርጎ ስለሣለው ነው ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲያ የሚሥለው። ይህን መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ክፍል የተሰጠው መልስ ግን «እንዲህ ነው የሚሣለው፣ ጻፉ» የሚል ነበር። እኛም ጻፍን።

ከዚያ አይስክሬም ይመጣል። ማንኪው የተባለው አሜሪካዊ ፕሮፌሰር የጻፈው፣ በብዙ አገር የሚነበበው መማሪያ ፍላጎትን የሚያስረዳው በአይስክሬም ነው። ለሃርቫርድ ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እውነቴን ነው። የእኔ የዶርም ጓደኛ ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ግቢ እስኪገባ ድረስ አይስክሬም በዓይኑ አላየም። ሆኖም ዋጋው ይህን ያህል ሲሆን ይህን ያህል እንደሚገዛ በሠንጠረዥ ደርድሮ ኤ አገኘ። አባቱ ጤፋቸውን በመኸር ወቅት ለምን በርካሽ እንደሚሸጡ፣ ያንኑ እህል ክረምት ላይ ለምን በውድ እንደሚገዙ፣ በመካከል ያለው ደላላ ዋጋውን ከማን እንደሚሰማ ግን አንድም ቀን የጠየቀው ሰው የለም። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል! ክፍል ውስጥ ከነበረነው መቶ ምናምን ሰዎች፣ መምህሩን ጨምሮ፣ ገበያን ከውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን ዝም ብሎ ቸከለ።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ግን «ሴተሪስ ፓሪበስ» ነው፤ ሌሎች ነገሮች ሁሉ እንዳሉ ሆነው ማለት ነው። ይህ ሐረግ በራሱ ክፉ አይደለም። አንዱን ነገር ለይቶ ለማየት ሌላውን ለጊዜው ማሰር የማይቀር ነው፤ ሐኪምም ያደርገዋል። ችግሩ የታሰረውን መፍታት መረሳቱ ነው። ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ደላላው፣ ኬላው፣ ፖለቲካው ለመጀመሪያው ምዕራፍ ይታሰሩና ሦስት ዓመት ሙሉ እንደታሰሩ ይከርማሉ።

በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን መንግሥት ዘይትና ስኳርን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ደግሞ እንደ አጋጣሚ የምንማረው ምዕራፍ የዋጋ ጣሪያ ነው። ከዚህ የተሻለ ዕድል ለመምህር ይመጣል? ከግቢው በር ወጣ ብሎ ያለው ባለሱቅ ለማያውቀው ሰው «ዘይት የለም»፣ ለደንበኛው ደግሞ ከባንኮኒ ሥር እያወጣ ይሸጥ ነበር። መጽሐፉ የሚለው እጥረት፣ ሰልፍና የጓሮ ሽያጭ እግራችን ሥር ነው። እኛ ግን የተማርነው በኒውዮርክ የቤት ኪራይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ሲነሣ ምዕራፉም አልቆ፣ ተፈትነንበት፣ ረስተነው ነበር።

ኪራይም ካሉ እኮ አገራችን ውስጥ ሞልቷል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እዚያው የሻይ ዋጋ አካባቢ ሲቆይ ጣሪያው እንደሚያፈስና የሚያድሰው እንደሚጠፋ፣ አንዳንዱም ከፋፍሎ በገበያ ዋጋ እንደሚያከራይ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይህን መጽሐፉም ይላል። ግራፉ የባከነውን በሦስት ማዕዘን፣ ከአከራይ ወደ ተከራይ የዞረውን ደግሞ በአራት ማዕዘን ለይቶ ያሳያል። ጎኔ ይቀመጥ የነበረ ልጅ እናቱ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አራት ልጅ ያሳደጉት በዚያች አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። ሁለቱም ቅርጾች አንድ ሰሌዳ ላይ አሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የትኛው ይመዝናል ብሎ መከራከር ነበር ትምህርቱ። ይኸው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠር አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ የዘንድሮ መምህር ምሳሌ አጣሁ ሊል አይችልም።

ወደ መመረቂያ ጽሑፍ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ርዕሱ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ «የእንዲህ ያለ ነገር ወሳኝ ምክንያቶች፤ የእንዲህ ያለው ወረዳ ሁኔታ»። አንድ ጓደኛችን ስለ ገጠር ቁጠባ ሊያጠና መጠይቁን ይዞ ወረደ። እኔም አብሬው ሄጄ ነበር።

«አባባ፣ በወር ስንት ብር ያገኛሉ?»

«ልጄ፣ ደመወዝ ነው እንጂ ገብስ በወር ይመጣል እንዴ?»

«እንግዲያው የዓመቱን ለዐሥራ ሁለት ያካፍሉልኝ።»

«የተማርከው አንተ! አንተው አካፍለው እንጂ።»

ተሳሳቅንና ቀጠለ። ባንክ ያስቀምጣሉ? አላስቀምጥም። የቁጠባ ደብተር አለዎት? የለኝም። ቁጠባ በሚለው ሣጥን ውስጥ ዜሮ ተጻፈ። ከሰውዬው ጀርባ ሁለት በሬና አንዲት ጊደር ታስረዋል። ዕቁብ እንዳላቸው ቡና ስንጠጣ ነግረውናል። ጊደሯን የገዟት ለልጃቸው ሠርግ ነው። መጠይቁ ግን ለበሬም ለዕቁብም ቦታ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የተቀዳው ከሌላ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያም ከሌላ ነው። ቁጥሮቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ገቡ፤ አር ስኩዌር ወጣ። መደምደሚያው «የአካባቢው ገበሬ የቁጠባ ባህል ዝቅተኛ ነው» የሚል ሲሆን፣ የመፍትሔ ሐሳቡን ሳትገምቱት አትቀሩም፤ ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይሰጠው! አማካሪው ያረመለት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። ይህን የመሰለ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ቢቀር ምንም አልነበር። ጸሐፊው ግን ተመርቆ እዚያው ወረዳ ፋይናንስና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት ይመደባል። ሥልጠናውን የሚሰጠው እሱ ነው።

የጋራ ሀብት ሲባልም እንዲሁ ነው። የጋራ ግጦሽ ሁሉም እየተስገበገበ ያጠፋዋል የሚለውን ተምረናል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በ«ቄሮ» ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋና በጋራ ስምምነት እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ ማቆየቱን ግን አልሰማንም። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦችን በማጥናት ነው። ሃንድአውታችን ግን ከዚያ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ነው መሰል።

ሌላው ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛን አልጠላም፤ ዕውቀቱ ያለው እዚያ ነው። ግን አንድ ምሩቅ «ኢላስቲሲቲ» ምን እንደሆነ ለእናቱ መንገር ካቃተው፣ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላወቀም። እኔ ይህን ለራሴ ሞክሬዋለሁ፦ «በርበሬ ሲወደድ ትንሽ ትቀንሻለሽ እንጂ አትተዪውም፤ ሥጋ ሲወደድ ግን ትተዪዋለሽ» ስላት እናቴ «ይህን ለማወቅ ነው ሦስት ዓመት?» አለች።

ለመሆኑ በአማርኛ አይቻልም ያለው ማን ነው? ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ጉምሩክ በጠራ አማርኛ የተጻፈ ነው። ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ጥቅሙ እኩል የማይሆነው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ራውል ፕሬቢሽ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ዓለምን ያነጋገረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሰውዬው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ብቻ አልነበረም፤ ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ሠርቷል፣ ዕቃ ሲገባ ሲወጣ አይቷል። በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ኮርሳችን ስሚዝ፣ ሪካርዶ፣ ማርክስ፣ ኬንስ ተራ በተራ አለፉ። ገብረሕይወትን ያገኘሁት ከተመረቅሁ በኋላ፣ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1985 ዓ.ም. ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ የነበሩት እሸቱ ጮሌ ስለ ኢትዮጵያ ኋላ ቀርነት የጻፉትም፣ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ጥራዝ ታትሟል። ስንቱ ተማሪ ገልጦት ይሆን?

ውጭ አገርም ቅሬታው አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የእንግሊዟ ንግሥት ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሄደው ያን ሁሉ የገንዘብ ቀውስ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ጠይቀዋል። በ2011 የሃርቫርድ ተማሪዎች የዚያው የማንኪውን ክፍል ረግጠው ወጥተዋል። እኛም ረግጠን የወጣንበት ጊዜ ነበር፤ ግን በካፌው ዳቦ ማነስ ነው።

መምህራኑ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። አንዱ መምህር ሦስት ኮርስና አራት መቶ ተማሪ ተሸክሞ፣ በዚያ ደመወዝ፣ ምሳሌ ፈልግ ቢሉት ከየት ጊዜ ያመጣል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ምርጫ በመሆኑ ተማሪውም መምህሩም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።

ያም ሆኖ የሚሞክሩ አሉ። አንድ የማውቀው መምህር ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይልካቸዋል። የጤፍ፣ የሽንኩርትና የበግ ዋጋ ይመዘግባሉ፤ ሻጩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ከማን ጋር እንደተማከረ ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ቡድን የሽንኩርቱ ዋጋ የሚቆረጠው ገበያው ውስጥ ሳይሆን ንጋት ላይ፣ መኪናው ገና ሳይራገፍ፣ በሦስት ሰዎች መካከል መሆኑን ደርሶበት መጣ። ክፍሉ በክርክር ተቀወጠ። ሦስቱ ተስማምተው ነው ወይስ ተፎካክረው? መስመሮቹ ታዲያ የት ነው የሚገናኙት? አንዲት ልጅ መሐል ላይ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ለመውጫ ፈተና ይመጣል?» አለችው። አይመጣም አላት። እሱ ግን ከመቶ ሠላሳውን ለእሱ ሰጥቶታል።