ውኃው ቢቀዘቅዝም ልኩ አይዛነፍም

የዜብራ ዓሣ እንቁላል ስፋቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። እንደ መስተዋት የጠራ ስለሆነ ግን ማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀመጥ ውስጡ የሚሠራው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። በ28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ፣ የወንዴውን ዘር ካገኘ ከ45 ደቂቃ ገደማ በኋላ በአስኳሉ አናት ላይ ያለችው ሕዋስ ለሁለት ትከፈላለች። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት እያሉ ይበዛሉ። ጽንሱ 10 ሰዓት ሲሞላው ሕዋሳቱ አስኳሉን እስከ ሥሩ ድረስ አልብሰውታል።

የሥራው ውበት ይበልጥ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ጡንቻና አከርካሪ የሚወጣባቸው ክፍሎች፣ ሶማይት የሚባሉት፣ ከአንገት ወደ ጅራት በየግማሽ ሰዓቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ። ሲወጡ ትናንሽ ጡብ ይመስላሉ፤ እያደር መሐላቸው ታጥፎ የቀስት ጫፍ ቅርጽ ይይዛሉ። በሁለት ተከታታይ ክፍሎች መካከል ያለው ድንበር በምላጭ የተሰመረ ያህል ጥርት ያለ ነው።

ውኃው ሲቀዘቅዝ ይህ ሁሉ ይዘገያል። አዲሱ ጥንድ በሰዓቱ አይመጣም። የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት ግን አይለወጥም! ሸማኔ በብርድ ጠዋት እጁ ቢከብደውም ጥለቱን እንደማያጠብ ማለት ነው። እኔ በተፈጥሮ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ አላየሁም። ወሰን ግን አለው፤ ከ25 በታች ወይም ከ33 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጽንሱ ጉድለት ሊያገኘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቻርልስ ኪመልና ባልደረቦቹ ያወጡት የዕድገት ሠንጠረዥም ምስጋና ይገባዋል። ሰዓት በሙቀት እንደሚዛባ ስላወቁ ደረጃዎቹን በዓይን በሚታየው ቅርጽ ሰየሙ፤ ሥዕሎቹንም በእጅ ሣሏቸው። ሰዓቱን በ28.5 ዲግሪ ለክተው፣ ለሌላው ሙቀት ማስሊያ ቀመር ጨመሩበት፦ ዲግሪውን በ0.055 አባዝቶ 0.57 መቀነስ፣ ከዚያ መደበኛውን ሰዓት ለውጤቱ ማካፈል።

በመደበኛው ሙቀት ልብ መምታት የሚጀምረው በ24ኛው ሰዓት አካባቢ ነው። በ25 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ያንን የመጀመሪያ ምት ለማየት የሚፈልግ ሰው 30 ሰዓት ያህል ይጠብቅ።