ክዳኑ ሳይነሣ ዋጋ አይነገር

«ልጄ፣ እንደ አዲስ ነው። አምና ነው ያሳደስኩት።»

ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ፒያኖ ሊሸጡ የጠሩኝ እማማ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። እውነትም ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ቫርኒሹ መስታወት ሆኖ የመጋረጃውን አበባ ያሳያል። ክዳኑን አንሥቼ በባትሪ ሳይ ግን በመቃኛዎቹ ሥር የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ብቅ ብቅ ብሏል። የላላው መቃኛ እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የተጎሰጎሰ ነው። ልቤ እዚያው ቀዘቀዘ።

እኔ ቫርኒሹን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የማየው መቃኛዎቹ የተተከሉበትን ወፍራም እንጨት ነው። 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ 230 ገደማ አውታር አለው፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ወደ 18 ቶን ይጠጋል። ሸክሙን የብረት ፍሬሙ ይችለዋል፤ ቅኝቱን የሚጠብቀው ግን መቃኛውን ጨብጦ የያዘው እንጨት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀዳዳው ሰፍቶ ሲያገኘው ከቀድሞው ጥቂት ወፈር ያለ መቃኛ ያስገባል፤ እንጨቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነም እንጨቱን ይቀይራል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅም ለዓይን አይታይም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወሩም ይፈትናል። በክረምት እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል። በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፣ የድምፅ ሰሌዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በነሐሴ ልቅም ተደርጎ የተቃኘ ፒያኖ ብዙ አይነግረኝም፤ በጥር ልየው። መካከል ላይ ያሉት ቁልፎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አውታር አላቸው። አንዱን ተጭኜ ጣቴን ሳላነሣ እጠብቃለሁ። ሦስቱ አንድ ድምፅ ሆነው እየቀጠኑ ከጠፉ ደስ ይለኛል፤ እየተወዛወዙ «ው-ው-ው» ካሉ አንዱ ከቅኝቱ ሸሽቷል።

የድምፅ ሰሌዳ ስንጥቅ ብቻውን አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ስንጥቁ ላይ የፈሰሰው ነጭ ኮላ ነው። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ እንጨቱን ሳይጎዳ ይፈታዋል። ኮላው ግን የሚላቀቀው እንጨቱን ይዞ ነው። አንዴ የጠፋ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ፒያኖን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ ከሠራቸው ፒያኖዎች ዛሬ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1720 የሠራው ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል፤ በ1938 የድምፅ ሰሌዳው በሌላ ተቀይሯል። የክሪስቶፎሪ እጅ ያቀጠነው ሰሌዳ ምን ይል እንደነበር ከዚያ ሣጥን ዳግመኛ አይሰማም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ከዚያ መዶሻዎቹ። ፌልታቸው በአውታሩ ምት ተቦርቡሮ ሲጠነክር ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ጎበዝ ጠጋኝ በስሱ፣ ንብርብሩን ተከትሎ ይልጠዋል፤ ከዚያ በመርፌ እየወጋ ያለሰልሰዋል። ለፈተና የምጫወተው ትዝታን ነው፤ በጣም በቀስታ፣ አንዱን ድምፅ ደጋግሜ እየነካሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ያስቀረጹትን የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ እነዚያ ትናንሽ ጌጦች ቁልፉ ለቀላል ጣት ካልታዘዘ አይወጡም። ጠንከር አድርጎ ለመታው የማይመልስ ፒያኖ የለም።

ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ ከሆኑ ከጥቁሮቹ ፊት ፀጉር የምታክል የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል፤ ሰፊው የፊት ክፍልና ቀጭኑ የኋላ ክፍል ብዙ ጊዜ ለየብቻ ተሠርተው ነው የሚለጠፉት። ብጫነቱ እድሜ ነውና አይነካ። የእማማን ግን ነጭ እስኪሆን ፍቀውታል፤ ጠርዙ ላይ ጥርሱ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

በመጨረሻ ወፍራሞቹን ዝቅተኛ አውታሮች ተመለከትኩ። መዳብ የተጠቀለለባቸው፣ አዲስ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር አይስማማም። ልካቸው የሌላ ፒያኖ ነው።

«እማማ፣ የድሮዎቹ አውታሮች የት አሉ?»

«ጠጋኙ ጥሎታል መሰለኝ ልጄ። ዝጎ ነበር።»

ዝጎም ቢሆን መለኪያው እሱ ነበር። የአንዱ ውፍረትና ርዝመት ቢገኝ ሌላ ማስጠቅለል ይቻል ነበር። የወለቀውን ሁሉ ቁጥር ጽፎበት፣ በከረጢት አድርጎ ለባለቤቱ የሚመልስ ጠጋኝ ካገኛችሁ፣ የጠየቀውን ክፈሉት።