በስልክ የተሰማ አደጋ፦ ስለ «ሃሎው ሮድ» ፊልም

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልክ ሲጮህ የማይደነግጥ ወላጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለተመልካች የቀረበው «ሃሎው ሮድ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ፊልም የሚነሣው ከዚሁ ድንጋጤ ነው። ማዲና ፍራንክ የተባሉ ባልና ሚስት በዚያው ምሽት ከልጃቸው ከአሊስ ጋር ተጣልተዋል። ልጅቱም በቁጣ የአባቷን መኪና ይዛ ወጥታለች። ሌሊቱን ትደውላለች፤ ጫካ አቋርጦ በሚያልፍ የገጠር መንገድ ላይ ሰው ገጭታለች። የተገጨችውም እንደ እርሷ ወጣት ልጅ ናት። ባልና ሚስቱ በቀራቸው መኪና ተነሥተው ወደዚያው ይከንፋሉ። ከዚህ በኋላ፣ በጠቅላላው ሰማንያ ደቂቃ ያህል በሚፈጀው ፊልም ውስጥ፣ በአብዛኛው የምናየው ሁለት ፊትና ከመኪናው መስተዋት ወዲያ ያለውን ጨለማ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ባባክ አንቫሪ ቴህራን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሚሠራ ሰው ነው። የፊልሙን ጽሑፍ የደረሰው ዊልያም ጊሊስ ሲሆን፣ እናቲቱን ሮዛመንድ ፓይክ፣ አባትየውን ማቲው ሪስ ይጫወታሉ። አሊስን የምናውቃት ሜገን ማክዶነል በሰጠቻት ድምፅ ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ በእኛም ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ስለ ጊዜ አንድነት ስናወሳ ዘወትር የምንጠቅሰው አሪስቶትልን ነው፤ ትራጄዲ በተቻለው መጠን በአንዲት የፀሐይ ዙር ለመወሰን ይጥራል ብሏልና። በዚያው በጥንቱ የግሪክ ቴአትር አሠቃቂው ነገር በመድረክ ላይ አይፈጸምም። ኤዲፐስ ዓይኑን የሚያጠፋው ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው፤ ወጥቶ የሚያወራልን መልእክተኛው ነው። መልእክተኛው የሚናገረው ግን ያለቀ የተቆረጠ ነገር ነው። «ሃሎው ሮድ» ላይ የመልእክተኛውን ቦታ ስልኩ ይዞታል፤ የሚያወራውም ገና ያላለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ሰሚው ሊለውጠው የሚችል ይመስለዋል። ጭንቀቱ የሚመነጨው ከመኪናው ፍጥነት ሳይሆን ከዚህ ነው እንላለን። በሬድዮ ድራማ ያደገ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እናቲቱ የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ ናት። እጅዋን የት ላይ እንደምታደርግ፣ እንዴት እንደምትጫን፣ እንዳታቋርጥ እየነገረች ልጅዋን በስልክ ታዛታለች። ይህ ተግባር ለእኛ ለመምህራን ባዕድ መሆን አይገባውም። ልቡ የቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ መጫን አለበት። ጉልበተኛውን ሰው እንኳ በጥቂት ደቂቃ የሚያደክም ሥራ ነው። በብዙ ፊልሞች ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን ሲያደርጉት በሽተኛው አስሎ ይነሣል። እዚህ ግን ተመልካቹ ድካሙን በጆሮው ይቆጥራል። ካሜራው የሚያሳየን የተኛችውን ልጅ ሳይሆን የእናቲቱን ፊት ነው፤ በዚያ ፊት ላይ ሙያዋና እናትነቷ ሲጣሉ እናያለን። ባለሙያዋ በጫካው የወደቀችው ልጅ እንድትድን ትፈልጋለች። እናቲቱ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን የምታለቅሰው የገዛ ልጅዋ መሆኗን አትረሳም። ሮዛመንድ ፓይክ ይህን ያለ ጩኸት ተጫውታዋለች።

አባትየው ሌላ ሐሳብ ይዟል፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ጥፋቱን ልውሰድ ይላል።

ፊልሙን ከሠልጣኞቻችን ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመልክተነዋል። (መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል፤ ለእንዲህ ያለ ፊልም ከዚህ የከፋ ጠላት የለም።) ውይይቱ እንደተከፈተ ከግማሽ የሚበልጡት የአባትየውን ሐሳብ ደገፉ። ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ አባት የት አለ አሉ። እኛም ብንሆን ልባችን ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሠልጣኝ ግን «ለተገጨችው ልጅ እናትስ ማን ደወለላት?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ካሜራው ከመኪናው ስለማይወጣ እኛም አልወጣንም ነበር። ከባልና ሚስቱ ጋር ተሳፍረን፣ ከእነርሱ ጋር እየተጨነቅን፣ መንገድ ላይ የተዘረጋችውን የሰው ልጅ እንደ እንቅፋት መቁጠር ጀምረን ነበር። የፊልሙ ቅርጽ ተመልካቹን ተባባሪ ያደርገዋል፤ ትልቁ ብልሃቱም ይህ ይመስለናል። የወደቀ ልጁን ውጤት ለማስተካከል እስከ መምህሩ ቤት ድረስ የሚመጣውን አባት የማያውቅ መምህር በመካከላችን አይኖርም። ነገሩ ከነፍስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የፍራንክ አነጋገር ግን ለጆሯችን አዲስ አልሆነም።

በመኪና ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ፊልም ከዚህ በፊትም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስቲቨን ናይት ባዘጋጀው «ሎክ» ቶም ሃርዲ ብቻውን ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን እየነዳ በስልክ ሲነጋገር እናያለን። የዚያ ሰው አቋም ግን የፍራንክ ተቃራኒ ነው፤ ሥራውንና ትዳሩን እያጣም የራሱን ጥፋት ራሱ ሊሸከም ይሄዳል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ቅር ያሰኘን የ«ሃሎው ሮድ» መጨረሻ ነው። አሊስ ባለችበት ስፍራ እንግዳ ሰዎች በመኪና ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲህ ታሪኩ እየቀለመ ወደ ጫካ ተረት ያዘነብላል። ፍጻሜውን ላላዩት አንነግርም። አንቫሪ እ.ኤ.አ. በ2016 «አንደር ዘ ሻዶው» በተባለው የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ዘመን ቴህራን ውስጥ የነበሩ እናትና ልጅን ከጂኒ ጋር አገናኝቷል። እዚያ ጂኒው ከሚሳይሉ ፍርሃት ጋር አብሮ የገባ ስለነበር ከሕይወታቸው የተነጠለ አልነበረም። እዚህ ግን ተረቱ ለወላጆቹ ማምለጫ ሆኖላቸዋል። በጫካው ውስጥ ያለው ነገር ከሰው ኃይል በላይ ከሆነ አባትየው ያነሣው ሐሳብ መልስ ሳይሰጠው ይቀራል፤ የሠልጣኟም ጥያቄ እንዲሁ። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ተረቱ የሕሊና ቅጣት ምሳሌ ነው ብለው ተከራክረውናል። ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን እስከዚያ ድረስ በደቂቃ የተቆጠረብን ዕዳ በመጨረሻ ለጫካው የተላለፈ መስሎ ታይቶናል።

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊልሙ ይከብዳል። ከዚያ በላይ ላሉት ሙሉውን ማሳየት ባይቻል ከስልኩ ንግግር አሥር ደቂቃ ያህል፣ ምስሉ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ቢሰማ ይበቃል፤ የእንግሊዝኛ መምህራንም ለማዳመጥ ትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በስልክ የሚመጣው ድምፅ ስለሚቆራረጥ ሁለት ጊዜ ማሰማት ያስፈልጋል። ለሠልጣኞቻችን የሰጠነው የጽሑፍ ሥራ በተገጨችው ልጅ ቤት የሚደወለውን ስልክ በአማርኛ እንዲጽፉ ነበር። ጥቂቶቹ ደዋዩን ፖሊስ አድርገውታል፤ ሁለቱ ደግሞ ማዲን።