የድመትን ልብ ያተረፈ ልኬት

በውሾችና በድመቶች ደም ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ መለካት ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ የቤተ ሙከራ ሥራ ይመስላል። እኔ ግን ከልቤ አደንቀዋለሁ፤ ብዙ ልብ አትርፏልና።

ቀድሞ የልቧ ጡንቻ ሳስቶና ተለጥጦ ደም መግፋት ያቃታት ድመት ብዙ ተስፋ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ የእነዚህን ድመቶች ደም ሲለኩ ታውሪን የተባለው አሚኖ አሲድ እጅግ ወርዶ አገኙት። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ። ድመት ታውሪንን በበቂ መጠን ራሷ መሥራት ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት አለባት። አምራቾች በምግቡ ውስጥ መጠኑን ከፍ ሲያደርጉ በሽታው ብርቅ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ የሥራው ጥንቃቄ ነው። ነጭ የደም ሴሎችና ፕሌትሌቶች በታውሪን የበለጸጉ ናቸው። ስለዚህ ደሙ ከረጋ ከእነሱ የወጣው ታውሪን በደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ በፕላዝማው፣ ላይ ተደምሮ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ይህ እንዳይሆን ደሙ መርጋትን የሚከላከል ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ይቀዳል፤ ፕላዝማውም ቶሎ ተለይቶ በረዶ ቤት ይገባል። ከዚያ የመለኪያ መሣሪያ አሚኖ አሲዶቹን አንድ በአንድ ይለያል። ኒንሃይድሪን የተባለ ኬሚካል ሲነካቸው አብዛኞቹ ሐምራዊ ይሆናሉ፤ መጠናቸውም በቀለሙ ድምቀት ይታወቃል።

ውሾች ታውሪንን ራሳቸው ቢሠሩም እንደ ጎልደን ሪትሪቨር ባሉ ዝርያዎች ጉድለት ታይቷል። እናም ልቡ የደከመ ውሻ ሲመጣ ደሙን ማስለካት ተገቢ ነው፤ ጉድለቱ ታውሪን ከሆነ የሚተካው በቀላሉ ነውና።