ጀሶው ከወለቀ በኋላ

በአገራችን የጤና ባለሙያዎች ዘንድ በወጌሻ ላይ የሚሰነዘረው ትችት የቆየ ነው። ጠብቆ የታሰረ ቀርቀሃ የደም ዝውውርን አግዶ የሕፃንን እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። በሆስፒታል ጀሶ የታሰረለትና አጥንቱ በሚገባ የገጠመ ሕፃን ጀሶው በወለቀ በሳምንቱ ወጌሻ ቤት የሚገኘው ለምንድን ነው?

ጉዳዩን በላሊበላና በአካባቢው የላስታ ደጋ ማየት ይጠቅማል። ግቢው ተዳፋትና ድንጋያማ ነው፤ በአካባቢው የሚታወቀው ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ደረጃው በውጭ በኩል ነው። ድክ ድክ የሚል ልጅ መውደቁ አይቀርም። ከገጠር ቀበሌ ልጅን አዝሎ እስከ ከተማ መውረድ ሰዓታትን ይወስዳል፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገም መንገዱ በጋሸና በኩል ወደ ወልዲያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ነው። ስለዚህ ጀሶው የሚወልቅበት ዕለት ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡና ባለሙያው የሚተያዩበት የመጨረሻው ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ራጁ ይታያል፣ «ገጥሟል» ይባላል፣ ካርዱ ይዘጋል። ልጁ እንዴት እንደሚሄድ የሚናገር የለም።

በዚህ ዕድሜ አጥንት ፈጥኖ ይገጥማል። የቅልጥም አጥንት ጠምዛዛ ስብራት ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ የጭን አጥንት ስብራት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ይጸናል። አካሄዱ ግን ከአጥንቱ ጋር እኩል አይደርስም። በጀሶ ውስጥ የከረመ ጡንቻ ይከሳል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ልጁም ሕመሙን ገና አልረሳም። በመሆኑም መጀመሪያ ይድሃል፤ ቀጥሎ ይዞ ይቆማል፤ ከዚያም እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ እያነከሰ ይራመዳል። ማንከሱ በቅልጥም ስብራት ለጥቂት ሳምንታት፣ ከወገብ ጀምሮ በጀሶ ለታሰረ የጭን ስብራት ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ የመዳን ሂደት ነው። ያልተነገራት እናት ግን የምታየው ከመሰበሩ በፊት ይሮጥ የነበረ ልጇ ሲድህ ነው።

የጭኑ ስብራት ሌላም ዝምታ አለበት። ሐኪሙ የአጥንቱን ጫፎች እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው እንዲገጥሙ አውቆ ሊተዋቸው ይችላል፤ ምክንያቱም የተሰበረው አጥንት በቀጣዮቹ አንድና ሁለት ዓመታት ከጤነኛው ፈጠን ብሎ ያድጋል። ይህን የሚሰማ ወላጅ ጥቂት ነው። አባት ሁለቱን ተረከዞች አጋጥሞ አንደኛው እግር አጥሮ ሲያገኘው ሆስፒታሉ አበላሸብኝ ቢል አያስደንቅም። ወጌሻው በበኩሉ ዝግጁ መልስ አለው፤ ጅማቱ ተሳስቧል ይላል፣ በቅቤ ያሻል፣ ዳግም ያስራል። መልስ ያለውና መልስ የሌለው በአንድ መንደር ሲገናኙ ማን እንደሚደመጥ ግልጽ ነው።

ዝምታው ከመጀመሪያው ቀን የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። ተጠማዞ የወደቀ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሕፃን ቅልጥሙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ቢኖረው በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል፤ አዲስ አጥንት ሲበቅል የሚታየው ከ10 እስከ 14 ቀናት ቆይቶ ነው። እግሬን አላስረግጥም ያለን ልጅ ራጁን ብቻ አይቶ «ምንም የለውም» ብሎ መሸኘት ቤተሰቡን ወደ ወጌሻው እጅ ከመምራት አይለይም።

አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ ዝምታውን ፊዚዮቴራፒ በማዘዝ ይሞላዋል። ለሁለት ዓመት ሕፃን ይህ ትእዛዝ በአብዛኛው አላስፈላጊ ነው፤ ከላስታ ተነሥቶ ለሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ ከባድ ወጪ ነው። ሕፃን በጨዋታ ይድናል። እንዳይወድቅ ተብሎ ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ የሚታዘል ልጅ ግን የሚለማመድበት ጊዜ አያገኝም። በቤት ውስጥ ያለው መደብ ቁመቱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ልጁ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ የሚወደው ነገር በሌላው ጫፍ ሲቀመጥለት ተደግፎ ይሄዳል። እጁን ጎትቶ ማስረገጥ፣ ጉልበቱን በኃይል ማጠፍና ማሸት ግን ፍርሃቱን ከማባባስ በቀር የሚረባው ነገር የለም።

እርግጥ ማጽናናት ያለ ምርመራ ከሆነ ከዝምታ አይሻልም። ማጠርና መጠነኛ መጉበጥ ከዕድገት ጋር ይስተካከላሉ፤ የአጥንቱ መዞር ግን እምብዛም አይስተካከልም። ስለዚህ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ሁለቱ ሎሚዎችና ሁለቱ እግሮች ወዴት እንደሚያዩ ማነጻጸር ያስፈልጋል። እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ያልቻለ ልጅ ጀሶው ከጉልበት በታች ያለውን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ የሚመጣ ማንከስ ቀጠሮ አይጠብቁም። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ጭኑ ተሰብሮ ሲመጣም የአደጋው ሁኔታ በጥሞና መጠየቅ ይኖርበታል።

በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ አጥንት ከሆነ ሪኬትስ መታሰብ አለበት። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ዎቹ፣ ካልያዛቸው 500 ደግሞ 20ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው። ጥናቱ ስለ ስብራት አይደለም፤ በጋቢ ተሸፍኖ ቤት ለሚውል የደጋ ሕፃን የእጅ አንጓውንና የጎድን አጥንቱን መዳሰስ ግን ምንም ወጪ የለውም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋን እስከ ቤት ደጃፍ አድርሷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ክፉኛ ተጎድተዋልና ያለውን ሰው በአግባቡ መጠቀም ይበልጥ ያስፈልጋል። ጀሶውን ያወለቀው ባለሙያ ለቤተሰቡ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር፣ ልጁ መቼ ገደማ ተደግፎ እንደሚቆም፣ እስከ መቼ ቢያነክስ እንደማያሰጋና ምን ሲታይ መመለስ እንዳለበት ቢጽፍ፣ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወረቀቱን ይዛ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን መደብ ይዞ ሲሄድ ልታየው ትችላለች። ወጌሻውም የዚያው ቀበሌ ነዋሪ ነው፤ ወረቀቱ ለእርሱም ቢነበብ ጉዳት የለውም።