የምን ፕሮሰስ?

አየር ጤና የምኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ብቅ ትላለች። ባለፈው ሰሞን የባዮሎጂ መጽሐፏን ገልጣ፣ «ጋሼ፣ ፎቶሲንተሲስ ፕሮሰስ ነው ይላል። ቅጠሉ ወዴት ሊሄድ ነው?» ብላኝ እርፍ!

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ምን ታድርግ? ታላቅ እህቷ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ «ፕሮሰስ ላይ» ናት። ሥራዋን ለቃለች። እጮኛዋን «ትንሽ ታገሠኝ» ብላዋለች። ጫማ እንኳ «እዚያ እገዛለሁ» እያለች አትገዛም። እናትየው ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ «ፕሮሰስ ላይ ናት» ይላሉ፤ «ባንክ ቤት ተቀጥራለች» እንደማለት ያህል ነው አባባላቸው። ጠያቂውም «ይቅናት» ብሎ ያልፋል። የምን ፕሮሰስ? ዲቪ ነው? ቤሩት ነው? ካናዳ ነው? ኸረ ማን ጠይቆ!

ፈረንጁ ይህን ቃል ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይለቀውም። ከኋላው «ኦፍ» የምትባል ትንሽ ቃል አስከትሎ የምን ሂደት እንደሆነ ይናገራል። የምግብ መፈጨት ይሁን፣ የቆዳ ማልፋት ይሁን፣ ደረጃ አለው፤ መድረሻም አለው። እኛ ቃሉን ስናስገባ «ኦፍ»ን ጉምሩክ ላይ ጥለናት መጣን።

መንግሥትም ከእኛ አልተሻለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ «ቢፒአር» ሲመጣ መምሪያው ሁሉ «የሥራ ሂደት» ተባለ፤ ኃላፊውም «የሂደት ባለቤት» ሆነ። ሂደት የሚባል ነገር በር ላይ ተለጥፎ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው።

ይኼኛው ያስቃል። ያኛው ግን አያስቅም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ አረብ አገሮች መሄድ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ሕጋዊው በር ቢዘጋም ቃሉ ከሰፈራችን አልጠፋም። ደላላውም የራሱን መንገድ በዚያው በተከበረው ስም ጠራው። ምን ቸገረው? መድረሻው ያልተነገረ ጉዞ ለደላላ ይመቻል።

ለማንኛውም ልጅቷን «በይ ዓረፍተ ነገር ሥሪበት» አልኳት። «ማይ ሲስተር ኢዝ ኢን ዘ ፕሮሰስ ኦፍ» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ከ‹ኦፍ› በኋላ ምን ልበል፣ ጋሼ?»

«እስቲ እህትሽን ጠይቂያት።»

ተነሥታ ሄደች። በግድግዳው ማዶ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ መጀመሪያ የእሷ፣ ቀጥሎ የእህቷ፣ ከዚያ የእናትየው። ደብተሯ እኔ ጋ አደረ።