የገዳ ዘመን ቆጠራ ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ምን ያህል ይመሰክራል?

ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በ1973 ያሳተሙት «ገዳ» የተባለው መጽሐፍ ከወጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቦረና የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ መጽሐፉን ይጠቅሳል፤ ይልቁንም በውስጡ ያለውን የአባ ገዳዎች የዘመን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ በጽሑፉ መጨረሻ ያያይዘዋል። እኛ ይህን ዝርዝር ለመመርመር የተነሣነው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ይኸውም ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከአሬሮ እስከ ሜጋና ሞያሌ ባለው ቆላ አገር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረን፣ አባ ገዳ ያልሆነን አንድ ሰው በዚህ ዝርዝር እየተመሩ ማግኘት ይቻላል ወይ? የሚል ነው።

ጥያቄው በሌላ አገር ቢነሣ መልሱ ቀላል ነበር። በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ይጻፍ ስለ ነበረ የአያት ቅድመ አያትን ታሪክ የሚሻ ሰው መዝገቡን ማገላበጥ ይበቃዋል። በቦረና ቆላ ግን የምኒልክ ጦር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አዛዥነት በ1890ዎቹ መጨረሻ እስከ ደረሰ ድረስ፣ እንደ ዶናልድሰን ስሚዝ ያሉ መንገደኞች በ1894 እና በ1895 ሲያልፉ ከጻፉት በቀር፣ በወረቀት የሰፈረው እጅግ ጥቂት ነው። የነበረው መዝገብ በአዋቂ ሽማግሌዎች ልብ የተያዘው ነው። አስመሮም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቦረና ሄደው እንደ አሬሮ ራማታ ካሉ የታሪክ አዋቂዎች የሰሙትም ይኸንኑ ነው።

የመጽሐፉን ብርታት አስቀድመን እንናገር። ከርሳቸው በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ገዳን የዕድሜ ማኅበር ብቻ አድርገው ሲያዩት፣ አስመሮም የታሪክ መለኪያ መሆኑን አሳዩ። አባ ገዳው 8 ዓመት ይመራል። አምስት የገዳ መስመሮች፣ በቦረና አጠራር ጎጌሳዎች፣ በየተራ ይፈራረቃሉ፤ ስለዚህ ልጅ ወደ አባቱ ደረጃ የሚደርሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ቁጥሩ በራሱ ላይ መልሶ የሚመሰክር መሆኑ እዚህ ላይ ነው። ቡሌ ደባሳ ከ1929 እስከ 1936፣ ልጃቸው ጎባ ቡሌ ከ1968 እስከ 1976 መሩ፤ ጉዮ ጎባ ደግሞ በ2008 ተረከቡ። ሦስት ትውልድ፣ በመካከላቸው አርባ አርባ ዓመት ያህል። አንድ ተራኪ ከመካከል አንዱን ስም ቢዘነጋ ወይም ቢያስቀድም የአባትና የልጅ ርቀት ወዲያው ይፋለሳልና ስሕተቱ አይሸሸግም። ሉባ በየ8 ዓመቱ እንደሚለዋወጥ አባ ባሕርይ በ1593 በግዕዝ ጽፈውት እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ቆጠራው ለአውሮፓ ተመራማሪ ሲባል የተሰናዳ አለመሆኑን እንረዳለን።

ነገር ግን ዝርዝሩን የሚገለብጡት ሰዎች አንድ ወጥመድ አያዩም። በቦረና ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። ጉዮ ቦሩ ከ1944 እስከ 1952 አባ ገዳ ነበሩ፤ ቦሩ ጉዮ ከ1984 እስከ 1992 መሩ፤ በ2025 ሥልጣኑን ከኩራ ጃርሶ የተረከቡት ደግሞ እንደ ገና ጉዮ ቦሩ ናቸው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሽማግሌ «አያቴ በጉዮ ቦሩ ገዳ ተወለደ» ቢል ጠያቂው ሰማንያ ዓመት ሊስት ነው። ለአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ይብሳል። ሊበን ጃልዴሳ የተባሉ አባ ገዳ በ1890ዎቹ ነበሩ፤ ሊበን ጃልዴሳ የተባሉ ሌላ አባ ገዳም ከ2000 እስከ 2008 መርተዋል፤ ሁለቱም የአንድ ጎጌሳ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ የአባ ገዳውን ስም ብቻ ጽፎ መመለስ ምንም እንዳልጻፉ ያህል ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በስም ብቻ አይተማመኑም፤ ጎጌሳውን ይጨምራሉ፣ በየተራቸው ከሚመላለሱት ሰባቱ የማቅባሳ ስሞች የትኛው እንደ ነበረ ይናገራሉ። በአንዳንድ የተማሪ ጽሑፍ ላይ ግን እነዚህ ሁለቱ እንደ ጌጥ ተቈጥረው ቀርተዋል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ዝርዝሩ የማን ነው? አስመሮም በመጽሐፋቸው በሌላ ክፍል የሕዝቡን የልደት አካሄድ በኮምፒዩተር አስልተው፣ የአርባው ዓመት ሕግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ብዙ ሰዎችን ከሥርዓቱ ትክክለኛ ደረጃ ውጭ እንዳደረጋቸው አሳይተዋል። አባታቸው ከገዳ ከወጣ በኋላ የተወለዱት «ኢልማን ጃርሳ»፣ ማለት የሽማግሌ ልጆች፣ ይባላሉ፤ የሚቈጠሩትም በዕድሜ እኩያ ማኅበር፣ በሃሪያ ነው። እንግዲህ የአባ ገዳዎችንና የአማካሪዎቻቸውን የሀዩዎችን የትውልድ ሐረግ ይዞ «የቦረና ሕዝብ ታሪክ» ማለት፣ የቤተ መንግሥቱን ዜና መዋዕል አንብቦ የገበሬውን ኑሮ ዐወቅሁ እንደ ማለት ነው። ይህን የስሌት ክፍል ዝርዝሩን የሚጠቅሱት ሰዎች የሚያነቡት አይመስለንም፤ ሒሳብ ስለ በዛበት ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የሐረጉ ቃል ራሱ ትርጓሜ ይፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት በራባ ደረጃ ያለ ሰው ቢያገባም የተወሰነው ጊዜ እስኪደርስ ልጅ ማሳደግ አይፈቀድለትም ነበር፤ በዚያ ጊዜ የተወለዱት ይጣሉ ወይም ለዋታዎች ይሰጡ ነበርና በአባታቸው ሐረግ ውስጥ የሉም። ባሏ የሞተባት ሴት የምትወልዳቸው ልጆች ደግሞ የሟቹ ባል ልጆች ናቸው፤ አባት ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተወለደ ልጅ በሐረጉ ላይ ያለ ነቀፋ ይቈጠራል። ሐረጉ ዋሸ ማለታችን አይደለም። የሚመልሰው ጥያቄ «ማን ወለደው?» የሚለውን ሳይሆን «የማን ነው?» የሚለውን ስለ ሆነ፣ ዕድሜን ከርሱ የሚያሰላ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ተራውን ሰው ለማግኘት ከአባ ገዳው ስም ይልቅ የሚረዳው በእኛ አስተያየት የውኃ ጕድጓድ ነው። ቱላ ሰለን የሚባሉት ዘጠኙ የታወቁ ጥልቅ ጕድጓዶች ባሉበት አገር፣ እያንዳንዱ ጕድጓድ አባ ኮንፊ አለው፤ ኮንፊነቱ ከመጀመሪያው ቈፋሪ ወይም እንደ ገና ካወጣው ሰው በዘር ይወርዳል። ብዙ ጕድጓዶች እየተደፈኑ በኋላ ዘመን እንደ ገና ተቈፍረዋልና፣ ማን፣ በማን ገዳ፣ ከየትኛው ጎሳ ጋር ሆኖ አወጣው የሚለው ትረካ አባ ገዳ ያልነበረውን ባለ ሀብት ስሙን ያወጣልናል። ይህም ከ«ጪና» ጋር መመሳከር አለበት። ጪና ማለት ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቦረናን ከብት የፈጀው ታላቁ የከብት እልቂት ነው። አንድ ሰው ከብቱን ከጪና በፊት ወይስ በኋላ አጠጣ የሚለው ጥያቄ ለዚያ ዘመን ከማናቸውም የዓመት ቁጥር ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ባለ ከብት ድኻ ሆኗልና።

ስለ ጕድጓዱ ስንናገር ግን ሌላ አደጋ ይመጣል። አላን ሆበን በዚያው በ1973 ስለ ጎጃም ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ደገኛው ትውልዱን በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ የሚቈጥረው መሬት ለመጠየቅ መሆኑን፣ ሐረጉም በክርክር ጊዜ እንደሚለጠጥ በሰፊው አሳይተዋል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ልዩነቱን ያያል፤ የጎጃሙ ሐረግ የመሬት ሲሆን የአባ ገዳዎቹ ዝርዝር የጊዜ ነው። ለታሪክ ተማሪ የኋለኛው የታመነ ሆኖ የቈየውም፣ አንድ ስም በመጨመሩ ወይም በመቀነሱ መሬት የሚያገኝ ሰው ስላልነበረ ነው ብለን እንገምታለን። የኮንፊው ትረካ ግን ውኃ ያስገኛልና እንደ ጎጃሙ ሐረግ በጥርጣሬ መሰማት ይገባዋል።

ዛሬ በሊበን ሜዳና በነገሌ ያለው ሁኔታ ይህን ልዩነት እያጠፋው ነው። በ2023 የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫው ነገሌ የሆነ የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲያቋቁም በጉጂዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። በእንደዚህ ያለ ክርክር የአባ ገዳዎችን ዝርዝርና የሥርዓት ቦታዎችን ስም እንደ ርስት ደብዳቤ ማንሣት የሚያስፈራ ነገር ነው። አባ ገዳው በሊበን ሥርዓት መፈጸሙ ሰዎች በዚያ መሰብሰባቸውን ይነግረናል፤ በዚያው ዓመት በዚያው ሜዳ ሌላ ማን ከብት እንዳሰማራ ግን አይነግረንም። ዝርዝሩ ለዚህ አገልግሎት ከዋለ፣ ነገ ተራኪው ስም ሲያወጣና ሲያገባ ጥቅም ያገኝበታል፤ ያን ጊዜ የአርባው ዓመት ማመሳከሪያ እንኳ አያድነውም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ሐሰቱንም በሒሳቡ ልክ ሊሠራው ይችላልና።

ለዚህ የሚበጀው ቆጠራውን በሌላ ቆጠራ መመርመር ነው። ጉጂዎችም ገዳ አላቸው፤ እነርሱም በ8 ዓመት ይቈጥራሉ። የኡራጋ፣ የማቲና የሆኩ ሽማግሌዎች የሚሉት ከቦረናው ዝርዝር ጎን ተጽፎ፣ ሁለቱም በጪና ላይ ይገጥሙ እንደ ሆነ ቢታይ፣ አስመሮም የጀመሩት ሥራ ከአንድ ሕዝብ ቃል ወደ ሁለት ሕዝብ ምስክርነት ያልፋል። ለዚህ ሥራ የሚወጣ ተማሪ በደብተሩ የመጀመሪያ ዐምድ ላይ ከስሙ በፊት ጎጌሳውን ይጻፍ፤ የአባ ገዳውን ስም በመጨረሻው ዐምድ ቢያደርገው ይሻላል።